ካህኑ ማን ይሁን?

የሰፈር ኳስ የተጫወተ ሁሉ የሚያውቀው ጥያቄ አለ፦ በረኛ ማን ይሁን? ዐሥር ልጅ ተሰብስቦ ዐሥሩም አጥቂ ነው። በመጨረሻ በሁለቱ ድንጋዮች መካከል የሚቆመው ወይ ከሁሉ ትንሹ ነው፣ ወይ መሮጥ የማይሆንለት፤ የኳሷ ባለቤትማ እዚያ ቆሞ አያውቅም። ጠረጴዛ ከበው የተረት ዓለም ጨዋታ ለሚጫወቱ ሰዎች ይኸው ጥያቄ ስሙን ብቻ ለውጦ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል፦ ካህኑ ማን ይሁን? ጨዋታው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ይባላል። አራት አምስት ሰዎች ወረቀት፣ እርሳስና ዳይስ ይዘው ይቀመጣሉ። አንዱ ዳኛም ተራኪም ሆኖ ዋሻውንና ዘንዶውን በቃል ይሥላል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው «እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ፤ ይሳካ አይሳካ ዳይሱ ይፈርዳል። እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ «ክላስ» አለው፤ እኛ ሙያ እንበለው። ተዋጊው ይዋጋል፣ አስማተኛው ይደግማል፣ ሌባው ይሰርቃል፣ ካህኑ ደግሞ የቆሰለውን ያድናል። መዳን ሁሉም ይፈልጋል፤ አዳኝ ልሁን የሚል ግን አይገኝም።

ይህን ብዙዎች በሰው ራስ ወዳድነት ያመካኙታል። እኔ ግን ጥፋቱ የሕግ አውጪው ነው ባይ ነኝ። ካህን በችሎታ ከማንም አያንስም፤ ጋሻው ጠንካራ ነው፣ ዱላው ከባድ ነው፣ ከሰማይም ዘመድ አለው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው ያለው። በዚህ ጨዋታ ጠረጴዛ ላይ ከወርቁም ከአስማት ሰይፉም በላይ ውድ የሆነው ነገር ተራ ነው። አንዱ ሲናገር ሌላው ይጠብቃል፤ በአንድ ውጊያ ለአንድ ሰው ተራ የሚደርሰው አራት አምስት ጊዜ ቢሆን ነው፤ ሥራውን ጨርሶ፣ ታክሲ ተጋፍቶ የመጣው ሰው ምሽቱ የሚጣፍጠው ወይም የሚመረው በእነዚያ ጥቂት ተራዎች ነው። ስለዚህ አንድን ሙያ «ምን ይችላል?» ብሎ መመዘን የነጋዴ ሚዛን ነው። ትክክለኛው ጥያቄ «ተራውን በምን ያጠፋል?» የሚለው ይመስለኛል። የዚህን ጨዋታ የሃምሳ ዓመት ታሪክ በዚህ ጥያቄ ካነበብነው፣ ግራ የሚያጋቡ የሚመስሉት ለውጦች ሁሉ አንድ ፈር ይይዛሉ።

ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 ያወጡት የመጀመሪያው እትም ሦስት ሙያ ብቻ ነበረው፦ ተዋጊ፣ አስማተኛና ካህን። የሁለቱ አመጣጥ ግልጽ ነው። ጋይጋክስ ከጄፍ ፔረን ጋር በ1971 ቼይንሜል የሚባል የጦር ሜዳ ጨዋታ አሳትሞ ነበር፤ ትንንሽ ወታደሮች ጠረጴዛ ላይ የሚሰለፉበት። በመጽሐፉ መጨረሻ በተጨመረው የተረት ክፍል ውስጥ አስማተኛው የሚወረውረው የእሳት ኳስ የሚያጠፋው ስፋት ከትልቅ የድንጋይ መወርወሪያ ጋር እኩል ነው፤ መብረቁ ደግሞ ከከባድ መድፍ ጋር። እንግዲህ ያ ረጅም ጢምና ያ ሹል ቆብ ሲገለጥ ውስጡ የተቀመጠው መድፍ ነው፤ ቀሚስ የለበሰ መድፍ። ተዋጊው እግረኛ ጦር ነው። መድፍና እግረኛ ለምን እንደሚፈላለጉ ማንም ዐሥር አለቃ ያስረዳል፦ መድፉ ከሩቅ ይመታል፣ ተጠግተው ከያዙት ግን አለቀለት፤ እግረኛው ከፊቱ ይቆምለታል። ሁለቱም ሲረዳዱ ሁለቱም በየተራቸው ጠላት ይመታሉ። አንዱ ሌላውን ለማገዝ የራሱን ደስታ አይሠዋም።

ካህኑ ከጦር ሜዳ አልመጣም፤ የመጣው ከሲኒማ ቤት ነው። አርነሰን ሚኒሶታ ውስጥ ይመራው በነበረው ብላክሙር በተባለ ጨዋታ አንድ ተጫዋች ሰር ፋንግ የሚባል ደም መጣጭ ሆኖ ሌሎቹን መድረሻ አሳጣቸው። ለእሱ ማስታገሻ የተፈለሰፈው፣ ፒተር ኩሺንግ በሐመር ኩባንያ አስፈሪ ፊልሞች ከሚሠራው ከቫን ሄልሲንግ የተቀዳ፣ መስቀል ይዞ ደም መጣጭ የሚያሳድድ ሰው ነው። ያማረ ሥራ ነው፤ ማንም ይመኘዋል። ግን ይህን ሰው ወደ መጽሐፉ ሲያስገቡት ቁስል ማዳንንም ደርበው አሸከሙት። በ1974ቱ ሕግ የአንደኛ ደረጃ ካህን አንድም ድግምት የለውም፤ ፈውስ የሚያገኘው ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ነው፤ የምትመልሰውም በዳይስ ከ2 እስከ 7 የሕይወት ነጥብ ነው። ይህች ኢምንት ጸሎት ግን ሰውየውን ሙሉ በሙሉ ዋጠችው። ጋኔን ሊያስወጣ ተቀጥሮ ነርስ ሆኖ ቀረ።

ሒሳቡን እንየው። ተዋጊው 6 ነጥብ ቆሰለ እንበል። ካህኑ ተራው ሲደርስ ደግሞ 5 ይመልስለታል። በሚቀጥለው ዙር ጭራቁ ሌላ 6 ይወስዳል። ተዋጊው በዚያ ዙር ሰይፉን መዝዟል፣ ፎክሯል፣ ምናልባትም የጭራቁን ጆሮ ቆርጧል፤ ካህኑ ደግሞ የጭራቁን ተራ በከፊል ደምስሷል። ያደረገው ነገር አንድ የሆነ ነገር እንዳልሆነ ማድረግ ነው። የቤት ጽዳት እንዲሁ ነው፤ ሲሠራ ማንም አያየውም፣ ሳይሠራ ሲቀር ግን ሁሉም ይጮኻል። ከዚህ በላይ ደግሞ ፈውሱን የሚጠይቁት ሌሎች ናቸው፤ «እኔን እኔን» እየተባለ ተራውን የሚያዝበት ሰው ብዙ ነው። ሌላው ባለሙያ ሁሉ «ምን ላድርግ?» ብሎ ሲያስብ ካህኑ «ማን ቆሰለ?» ብሎ ይጠይቃል። በረኛም ቢሆን ቢያንስ በራሱ ፈቃድ ይወረወራል።

የጨዋታው ባለቤቶች ይህን ሳያዩ አልቀሩም። በ2000 የወጣው ሦስተኛው እትም የመረጠው መፍትሔ ጉቦ ነው። ካህን መሆን የሚፈልግ ከሌለ ካህኑን እናበርታው አሉ፤ ጥሩ ጋሻ፣ ብዙ ድግምት፣ በዚያ ላይ ያዘጋጀውን ማንኛውንም ድግምት በቅጽበት ወደ ፈውስ የመለወጥ መብት። ውጤቱን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ብልጥ ተጫዋቾች ጉቦውን ተቀበሉ፣ ሥራውን ግን አልሠሩም። ካህኑ ድግምቱን በራሱ ላይ ደግሞ ከተዋጊው የበለጠ ተዋጊ ሆነ፤ ድሩይድ የሚባለው የተፈጥሮ አምላኪ ሙያም ነገሩ እንዲሁ ነበር፣ ድብ ሆኖ ድብ እያስከተለ። ተጫዋቾች ሁለቱን ሙያዎች ጎድዚላ ከሚባለው የፊልም አውሬ ጋር አዳቅለው ቅጽል ስም አወጡላቸው። ቁስሉስ? ለቁስሉ በ750 የወርቅ ሳንቲም የምትገዛ፣ 50 ጊዜ የምትሠራ የፈውስ በትር ነበረች፤ ከውጊያ በኋላ እንደ ሎሚ ጨምቆ መጣል ነው። ሐኪሙ ጄኔራል ሆነ፣ ክሊኒኩ ለበትር ተተወ። ደመወዝ መጨመር የሥራውን መራራነት አልነካውም። ሰውየው ገንዘቡን ይዞ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረ እንጂ።

የሌባው ታሪክ የዚህ ግልባጭ ነው፤ እሱ ደግሞ ተራ የሚቀማ ሙያ ነው። ሌባ በ1975 ግሬይሆክ በተባለው ተጨማሪ መጽሐፍ ገባ፤ ቁልፍ የመክፈት፣ ወጥመድ የማንሣት፣ ግድግዳ የመውጣት፣ በጥላ የመደበቅ ችሎታ በመቶኛ ተቆጥሮ ተሰጠው። ከዚያ በፊት ወጥመድ የሁሉም ጉዳይ ነበር። ሰው ሁሉ ሦስት ሜትር ዘንግ ይዞ ወለሉን እየነካካ፣ «ምንጣፉን አንሣ»፣ «ውኃ አፍስስና የት እንደሚሰርግ እይ» እየተባባለ ይሄድ ነበር። ሌባው ሲመጣ ይህ ሁሉ ፈቃድ የሚጠየቅበት ንግድ ሆነ። ተዋጊው ምንጣፍ ሊያነሣ ሲል «ተው፣ እሱ የሌባው ነው» ይባላል። ባለ ፈቃዱ ሌባ ምን ያህል ቢካን ነው ታዲያ? በ1981ዱ የጀማሪዎች መጽሐፍ የአንደኛ ደረጃ ሌባ ቁልፍ የመክፈት ዕድሉ ከመቶ 15 ነው፤ ወጥመድ የማግኘት 10፤ በጥላ የመደበቅም 10። ጎበዝ የሆነው ግድግዳ በመውጣት ብቻ ነው፣ ከመቶ 87። ቁልፍ የማይከፍት፣ መደበቅ የማይችል፣ ግን አጥር ላይ ሆኖ በግልጽ የሚታይ ሌባ ማለት ነው። ፖሊስ የሚጸልይለት ዓይነት።

እዚህ ላይ የድሮውን ሕግ የሚወዱ ሰዎች ይቆጣሉ። እነዚያ ቁጥሮች ማንም ሰው ሊሞክር ከሚችለው በላይ የተሰጡ ተጨማሪ ዕድሎች ናቸው፤ ማንም ዘንግ እንዳይዝ የከለከለ አንቀጽ የለም ይላሉ። በጽሑፉ ደረጃ ትክክል ናቸው ብዬ ልቀበል። ግን ሕግ በወረቀት ላይና ሕግ በጠረጴዛ ላይ የተለያዩ ፍጥረቶች ናቸው። ለአንድ ሰው ብቻ በቁጥር የተጻፈ ነገር ሌላው እንዳይነካው የተባለ ያህል ነው፤ «መምህራን ብቻ» የሚል በር ላይ ማንም ተማሪ የሕግ ትርጉም ሲመረምር አይቆምም። የሌባው በደል የራሱ ተራ ማጠሩ አይደለም። አራት ሰው አብሮ ይሠራው የነበረውን የማሰብ ሥራ ወስዶ ወደ አንድ የዳይስ ውርወራ አጠበበው፤ ያውም ከዐሥር ዘጠኙን ጊዜ ወደማይሳካ ውርወራ። ካህኑ የራሱን ተራ ለሌላው ይሰጣል፣ ሌባው የሌላውን ተራ ወስዶ ያባክናል።    

በዚህ ሁሉ መካከል ጉዳዩን ፊት ለፊት የተናገረው በ2008 የወጣው አራተኛው እትም ነው። ሲወጣ የነበሩትን ስምንት ሙያዎች በአራት ሚና ከፍሎ በስማቸው ጠራቸው። ወደ አማርኛ ሲመለሱ የስፖርት ጋዜጠኛ ያወጣቸው ይመስላሉ፦ ተከላካይ፣ አጥቂ፣ መሪና ተቆጣጣሪ። ተቆጣጣሪ ሲባል እኛ ትዝ የሚለን አውቶቡስ ላይ ቲኬት የሚጠይቀው ሰውዬ ነው፤ ሥራውም ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ ጠላትን ያዘገያል፣ መንገድ ይዘጋበታል፣ በማይፈልገው ፌርማታ ያስወርደዋል። ስሞቹ ብዙ ሰው አስቆጥተዋል፤ ለእኔ ግን ዋናው ቁም ነገር ከስሞቹ ሥር የተሠራው ሥራ ነው። መሪ የተባሉት ሙያዎች፣ ካህኑም ጭምር፣ በአንድ ውጊያ ሁለት ጊዜ በአጭር ቃል ጓደኛቸውን ይፈውሳሉ፤ ይህም ዋናውን ተራቸውን አይበላባቸውም፣ ትርፍ በሆነች ትንሽ ድርጊት ያልፋል። ከሠላሳ አራት ዓመት በኋላ ካህኑ በአንድ ዙር ውስጥ «በርታ!» ብሎ ጓደኛውን አንሥቶ በዚያው ዙር ጭራቁን በዱላ ሊመታ ቻለ። የሚመለሰው የሕይወት ነጥብም የሚቀዳው በዋናነት ከተፈዋሹ የራሱ ስንቅ ነው፤ ካህኑ በሩን ከፋች ብቻ ሆነ።

በአራተኛው እትም ላይ ሁለት ክስ ቀረበ። የመጀመሪያው «ይህ የኮምፒውተር ጨዋታ ነው» የሚል ነው። እንደ ኤቨርክዌስት ባሉ በ1999 በወጡና ከዚያ በኋላ በተከተሉ የኢንተርኔት ጨዋታዎች ውስጥ አንዱ እንደ ታንክ ይቆማል፣ አንዱ ይፈውሳል፣ ሌሎቹ ይመታሉ፤ አራተኛው እትም ይህን ገልብጧል ተባለ። መመሳሰሉን አልክድም። ግን አንድ ነገር ተዘነጋ። በኮምፒውተሩ ውስጥ ጭራቁ ማንን እንደሚመታ የሚወስነው ማሽን ነው፤ ታንኩ ቁጥር አሳድጎ ያታልለዋል፣ ጭራቁም ሃያ ጊዜ እየተታለለ ይሞታል። በጠረጴዛው ላይ ግን ጭራቁን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ነው፣ ሰው ደግሞ አስማተኛው ቀጭን መሆኑን ያያል። የአራተኛው እትም ተከላካይ ጠላትን አያስገድድም፤ ምልክት ያደርግበታል። ምልክት የተደረገበት ጭራቅ ተከላካዩን ትቶ ሌላ ሊመታ ካማረው ይችላል፤ ግን ከዳይሱ ላይ 2 ይቀነስበታል፣ ተከላካዩም ለዚህ ድፍረቱ የሚያስከፍለው ነገር አለ። ይህ ለሰው አእምሮ የተሠራ ሕግ ነው፤ ጭራቁን የያዘው ሰው ሁለት መጥፎ ነገር ቀርቦለት እንዲመርጥ ይጠየቃል። ተከላካዩም በሌላው ተራ ጊዜ እንኳን ሥራ አለው። ቆሞ ከመመታት የተለየ ነገር አገኘ።

ሁለተኛው ክስ ይበልጥ ያዝናናል። ከመሪዎቹ አንዱ የጦር አበጋዝ ነበር፤ አስማት የለውም፣ ጸሎት አይደግምም፣ ጮኾ ያድናል። «በጩኸት የተቆረጠ እጅ ይበቅላል ወይ?» ብለው የሳቁ ብዙ ናቸው። ግን የሕይወት ነጥብ ድሮም ሥጋ ብቻ አልነበረም፤ ጋይጋክስ ራሱ በ1979ኙ የጨዋታ መሪ መጽሐፍ ውስጥ ዕድልን፣ የውጊያ ብልሃትንና የአማልክት ጥበቃን ሁሉ ደምሮበታል። ነጥቡ ወኔም ከሆነ ደግሞ ወኔን በቃል ማንሣት ምኑ ይገርማል? ፉከራና ቀረርቶ ሰምቶ ያደገ አንባቢ ክርክሩ ራሱ ሳይገርመው አይቀርም። ይልቅ ክሱ እውነት የሚነካው ሌላ ቦታ ነው፦ ሚናን በግልጽ ስሙን ጠርቶ መለጠፍ ሰውን ከገጸ ባሕርይው በፊት ከሥራ መደቡ ጋር ያስተዋውቀዋል። «ከሰሜን የመጣ፣ ወንድሙን የሚፈልግ ሰው ነኝ» ከማለት በፊት «ተከላካይ ነኝ» ማለት ተለመደ። ይህን ጉዳት እቀበላለሁ። በ2014 የወጣው አምስተኛው እትም የተቀበለው ይመስላል፤ ስሞቹን ከነጭራሹ ፋቃቸው። ማሰሮው ላይ የነበረውን ጽሑፍ ፋቀ እንጂ ማሰሮውን ግን አልጣለም፤ ዋናውን ተራ የማትበላ የፈውስ ቃል አለች፣ ተዋጊው በራሱ ትንፋሽ ሰብስቦ ይድናል፣ አጭር እረፍት ያደረገ ሁሉ ቁስሉን በራሱ ዳይስ ይጠግናል።

«ሙያ የሚባለውን ነገር ለምን አትተዉትም?» የሚልም አለ፤ ይህ ከሁሉም የከበደ ተቃውሞ ነው። በ1978 የወጣው ሩንክዌስት የተባለው ሌላ ጨዋታ ሙያ የለውም፤ የሠራኸው ችሎታህ ያድጋል፣ በቃ። በ1986 የወጣው ገርፕስ ነጥብ ይሰጥህና እንደ ገበያ ዘንቢልህን ትሞላለህ። ትራቬለር በ1977 የሰውየውን የሥራ ዘመን በዳይስ ያስቆጥርና፣ አንዳንዴም ጨዋታው ሳይጀመር ገና ሲፈጠር ይገድለዋል፤ ካህኑ ማን ይሁን የሚለውን ጥያቄ ለመሸሽ ከዚህ የበለጠ መንገድ የለም። ተጨማሪ ምስክርም ከልቦለድ ይጠሩልናል፤ የቶልኪን ጋንዳልፍ አስማተኛ ሆኖ ሰይፍ ይመዛል፣ የሮበርት ሃዋርድ ኮናን ይዋጋልም፣ ይሰርቃልም፣ ግንብም ይወጣል፤ ጨዋታው ግን አስማተኛውን ለረጅም ዘመን ሰይፍ ከልክሎት ኖሯል። ለምስክሮቹ መልሱ አጭር ነው፦ ኮናን ጠረጴዛውን ለማንም አያካፍልም። መጽሐፉ የሱ ነው፣ ተራው ሁሉ የሱ ነው። አምስት ኮናን በአንድ ጠረጴዛ ሲቀመጡ አንዱ ብቻ ያወራል፤ የትኛው እንደሆነ ለመገመት ድምፁ ከፍ ያለውን ማየት ይበቃል። የአስማተኛው ሰይፍ መከልከሉ ለተዋጊው የተሰጠ ቀጠሮ ነው።

ሙያ አልባዎቹ ጨዋታዎችም ቢሆኑ ሚናን አላስቀሩም፤ ሰዎች በነጥቡ ገበያ ገብተው ሲወጡ አንዱ ሐኪም፣ አንዱ ተኳሽ ሆኖ ነው የሚገኘው። የተራ ጥያቄ ከሙያ ስም ጋር እንዳልተጣበቀ የሚያሳየው ደግሞ በ1989 የወጣው ሻዶውራን ነው። እዚያ ዴከር የሚባል ሰው አእምሮውን ከኮምፒውተር መረብ ጋር አገናኝቶ የጠላትን ምስጢር ይሰብራል። በሐሳብ ደረጃ እጅግ ያማረ ሚና ነው፤ ያለ እሱ በር አይከፈትም። ግን እሱ መረቡ ውስጥ ሲገባ ብቻውን ነው፤ የራሱ ካርታ፣ የራሱ ጠላት፣ የራሱ ዳይስ። ሌሎቹ አራት ሰዎች እስኪወጣ ድረስ ፒዛ ይበላሉ። ዴከሩ ፈጽሞ አይሰለችም፣ ተራውን ለማንም አይሠዋም፤ እንዲያውም የምሽቱ ንጉሥ እሱ ነው፤ ጠረጴዛው ግን ሞቷል። የጆን ሃርፐር ብሌድስ ኢን ዘ ዳርክ፣ በ2017፣ ይህን በብልሃት ነው ያለፈው። ማድረግ የሚቻሉት ድርጊቶች ዝርዝር ለሁሉም አንድ ነው፤ ማንም ይደበቃል፣ ማንም ይዋጋል፤ ሙያው የሚለየው በምን ዓይነት አመል እንደሚያደርገው ነው። እዚያ ሌባ ብቻ የሚያነሣው ምንጣፍ የለም፣ ሌብነቱ የጋራ ነውና።

አምስተኛው እትም የካህኑን ተራ ነፃ አወጣ ብዬ ነበር፤ የነፃነቱን ዋጋም ልናገር። ፈውሷ ርካሽ ስለሆነች፣ ከ18 ሜትር ርቀት በአንድ ቃል ስለምትሠራ፣ የምትመልሰው ነጥብም ጥቂት ስለሆነ፣ ሰው ሳይወድቅ መፈወስ ኪሳራ ሆነ። 3 ነጥብ የቀረውን ተዋጊ ለምን ትረዳዋለህ? ጭራቁ በአንድ ምት 12 ይወስድበታል። ይውደቅና ከዜሮ አንሣው፤ ከዜሮ በታች ተቆጥሮ የሚቀር ዕዳ የለምና። ስለዚህ ተዋጊው ይወድቃል፣ ካህኑ «ተነሥ» ይላል፣ ይነሣል፣ አንድ ጊዜ ይመታል፣ ይወድቃል። በ2024 በታደሰው መጽሐፍ የፈውስ ድግምቶቹን ዳይስ እጥፍ አደረጉት፤ የፈውስ ቃሏ ከአንድ ባለ አራት ገጽ ዳይስ ወደ ሁለት፣ በእጅ የሚነካው ፈውስ ከአንድ ባለ ስምንት ገጽ ወደ ሁለት። ምናልባት ሰውየው ሳይወድቅ በፊት መርዳት ያዋጣ ይሆናል ብለው ነው። ለጊዜው ግን ተዋጊው ከዋሻው ወለል ላይ ለሦስተኛ ጊዜ አቧራውን እያራገፈ ይነሣል፣ ካህኑ ዱላውን እንደያዘ ከሩቅ በጣቱ ይጠቁመዋል፣ ጭራቁም አሁን የቱን ቢመታ እንደሚሻል ግራ ገብቶት ቆሟል።